ልጄን ማን ላከው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ወገብሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ይነሣብሽ ስለነበር ጠዋት ጠዋት መስኮት ስከፍት አንቺ ነሽ ትዝ የምትይኝ። አባባስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ከቀዶ ጥገናው በኋላ በርቶላቸዋል ወይስ እንደ ልማዳቸው «ደህና ነኝ» እያሉ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት? ባለቤትሽስ? ወንድማችን ማሙሽስ፣ የዚያ ትምህርት ነገር እንዴት ሆነለት? እዚህ እኔም፣ የልጆቹ አባትም፣ አለቃና ሚጣም በጤና በኩል ተመስገን ነው። ሚጣ ሁለት ጥርስ አብቅላ የምትሞክርበት ነገር ስታጣ የምትነክሰው እኔን ነው። አለቃም አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ስለሆንሽ ደስ ይበልሽ፣ አለቅነቱ በየቀኑ ይጨምራል።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልቁረጠውና እውነቱን ልንገርሽ፤ ተናድጃለሁ። በስልክ ያላናገርኩሽም ለዚህ ነው። በስልክ ቢሆን ድምፁን ከፍ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ አባባ ይሰማሉ፣ ባለቤትሽ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እኔም በሁላችሁ ፊት እጮህና በመጨረሻ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ አርፈዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አፌን አይዘጋኝም። እንደ እናት ሆነሽ ያሳደግሽኝ ነሽና ቃል ካበዛሁ ከወዲሁ ይቅር በይኝ። ነገሩን ግን አላለዝበውም።

አለቃን ወደ እናንተ እንድልከው ጽፈሽልኛል። አባቱ ተስማምቶ እንደጨረሰ፣ እዚህ ያሉት አባ ምክር በጥር ወደ ሀገር ሲገቡ ይዘውልሽ እንደሚመጡ፣ በሁለት ልጅ መካከል ስለተዋከብኩ አንዱን ብታሳርፉኝ ለእኔም ለልጁም እንደሚበጅ ነግረሽኛል። «አልቻልሽም» የሚል ቃልም አለበት፤ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ደግሞ እኒያው አባ ምክር ደውለው፣ ልጄን አውራ ጎዳና ላይ ጥዬው እንደተገኘ ስለነገሯችሁ ነው። ጥላው ነው ያሉት። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸውና ቃላቸው ቃል ሆኖ ተወሰደ። እንግዲህ ያን ቀን የሆነውን ከእኔ ስሚ፤ እስከ ዛሬ ከእኔ የጠየቀ ሰው የለም።

እናንተ ዘንድ «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይባላል። ጫማሽን ታጠልቂያለሽ፣ ለጎረቤት «አንዴ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ትያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እዚህ ወጣ ብሎ መምጣት የሚባል ነገር የለም። የልጆቹ አባት ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድርና ጠዋት ገብቶ ይተኛል። ቤታችን አንዲት መኝታ ቤትና አንዲት ወጥ ቤት ናት፤ ሚጣ ወጥ ቤት ሆና ብታስነጥስ መኝታ ቤት ያለው ሰው ይማርሽ ይላል። ስለዚህ እሱ እንዲተኛ እኔና ልጆቹ ጉዳይ ኖረንም አልኖረንም መውጣት አለብን። አመሻሽ ላይ ደግሞ እኔ ትምህርት ቤት ለማጽዳት ስወጣ እሱ ይረከበኛል። በር ላይ ነው የምንገናኘው። «ሚጣ በልታለች፣ አለቃ ቀን አልተኛም» ተባብለን እንለያያለን። ትዳራችን ይኸው ነው።

ለመውጣት ምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ልንገርሽ። ሚጣን ሹራብ፣ ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት አልብሼ ስጨርስ አለቃ ካልሲውን አውልቆ ይጠብቀኛል። አለቃን ሳለብስ ሚጣ ዳይፐሯን ትሞላዋለች፣ ያንን ሁሉ ልብስ አውልቄ እንደገና ከሀሁ እጀምራለሁ። ሊፍቱ ከተበላሸ ሰንብቷል። ሚጣን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ ጋሪዋን በሌላው አንጠልጥዬ፣ አለቃን «ቀሚሴን ያዝ» እያልኩ ደረጃውን እወርዳለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሌላ የልጅ ጋሪ ካለ ሾፌሩ በእጁ ጠብቂ ይለኛል፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ብርድ ላይ እቆማለሁ። ክሊኒክ ስደርስ ጸሐፊዋ ቀጠሮሽ አልፏል ትለኛለች፣ ፈገግ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያ ፈገግታዋ ነው የሚያንገበግበኝ። መድኃኒት ቤት ደግሞ ተራዬ በደረሰ ቁጥር አለቃ ሽንቱ ይመጣበታል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተራዬ ሳይደርስ መጥቶበት አያውቅም።

ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። እችለዋለሁ፣ ደግሞም ችዬዋለሁ። ለአለቃ ያወጣሁለት አንድ ሕግ ነበር፤ ከቤት ከወጣን እጁ ጋሪው ላይ ነው። መንገድ ስንሻገር ጋሪው ላይ፣ ወረፋ ስንይዝ ጋሪው ላይ። ልጁም ይህን ሕግ ጠብቆልኝ ነበር። ይህን ጠራርጎ የሚወስድበት አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ግን አላሰብኩትም፤ እሱም ትልቅ ሰው ሲልከው ነው።

መላክ ይወዳል እታለም። ያንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ መሬት ላይ እንትፍ ብለሽ «ምራቄ ሳይደርቅ ድረስ» እያልሽ ስትልኪኝ እንዴት ነፍሴ እስክትወጣ እሮጥ እንደነበር ነግሬዋለሁ። እሱም ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት መታጠቢያ ቤት ይላካል። ዳይፐር አምጣ፣ ፎጣ አቀብል፣ አባትህን በቀስታ ቀስቅስ። ይዞ ሲመጣ «እደግ ተመንደግ» ስለው ደረቱን ነፍቶ ሌላ መልእክት ይጠይቀኛል። በስልክም ስትጠይቂኝ ልጄ ታዛዥ ነው ብዬ ጉራዬን ነዝቼብሻለሁ።

ያን ቀን ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤትና ጫማ ቤት ዞረን መጨረሻ ላይ ትልቁ ሱቅ ገባን። ሂሳብ መክፈያው ጋ ደርሼ ዕቃዬን እየደረደርኩ ነው። ሚጣ ርቧት ትጮኻለች፣ አለቃ እጁን ጋሪው ላይ አድርጎ ቆሟል። አባ ምክር ከኋላዬ ደረሱ። ታውቂያቸዋለሽ፣ የእሳቸው ሰላምታ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሰው ይሸመግላል። የአባባን ጤና ጠየቁኝ። የሚጣን ኮፍያ ለምን ጆሮዋ ድረስ እንዳልሳብኩላት ጠየቁኝ። የገዛሁት ዳቦ ሌላ ሱቅ እንደሚረክስ ነገሩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ዕቃዬን ፌስታል ውስጥ እየከተትኩ አዎ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እላለሁ። ቀና ስል የልጄ እጅ ጋሪው ላይ የለም።

አለቃስ አልኳቸው። የቱ አለቃ አሉኝ። ልጄ፣ አሁን እዚህ የነበረው ልጄ ስላቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ ኮፍያቸውን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ረስተውት እንዲያመጣላቸው እንደላኩት፣ አሁን እንደሚመለስ፣ ወንድ ልጅ አይደል እንዴ ብለው ነገሩኝ። ኮፍያቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ተጠቅልሎ ጫፉ ብቅ ብሏል። በዓይኔ አየሁት። ኪሳቸው ውስጥ ያለ ኮፍያ እንዲያመጣ ነው የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ውጭ የላኩት፣ አጠገባቸው የቆምኩትን እናቱን አንድ ቃል ሳይጠይቁ። ከላኩት በኋላም መላካቸውን ረስተው ስለ ዳቦ ያወሩኛል።

አውቃለሁ፣ እኛ ሰፈር ልጅ ለመላክ እናቱን የሚያስፈቅድ የለም። ነገር ግን እኛ ሰፈር ባለሱቁም ያውቀዋል፣ ጫማ ጠጋኙም ያውቀዋል፣ ቢጠፋ እንኳ ማምሻውን አንዱ ጆሮውን ይዞ ያመጣዋል። እዚህ የሱቁ በር በራሱ ይከፈታል፣ ከበሩ ውጭ መኪና ማቆሚያው ነው፣ ከመኪና ማቆሚያው ቀጥሎ ጎዳናው ነው። አባ ምክር እዚህ ሲኖሩ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ይህ ሊጠፋቸው ነው?

የከፈልኩበትን ዕቃ እዚያው ጥዬ ጋሪውን እየገፋሁ ወጣሁ። በመኪኖቹ መካከል ስሙን እየጠራሁ ስሮጥ ሰው ዞር እያለ ያየኛል፤ ምን ሆንሽ ያለኝ ግን የለም። የሱቁ በር ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ያለውም ባዶ ነው። በመጨረሻ ከጎዳናው ማዶ አንዲት መንገድ ጠራጊ በአንድ እጇ መጥረጊያዋን፣ በሌላው የአለቃን እጅ ይዛ አየኋት። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ኮፍያ ሲያጣ ወደ ሁለተኛው ሄዷል፣ እዚያም ሲያጣ ማዶ ያለውን አይቶ መኪና በሚተራመስበት ጎዳና ተሻግሯል። ሲያየኝ ማልቀስ ጀመረ። መጥፋቱ አስፈርቶት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እማዬ፣ ኮፍያውን አጣሁት» ነው ያለኝ። መጥፋቱን አላወቀም። የተላከበትን ሳያመጣ መቅረቱ ነው ያስለቀሰው።

ጠራጊዋ አፏ እንዳመጣላት ሰደበችኝ። ከምትናገረው ግማሹ ባይገባኝም ፊቷ በቂ ነበር። ልጄን ያዳነች ሴት ናትና አጎንብሼ ስድቧን ጠጣሁት። በዚያ መሀል አባ ምክር ኮፍያቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ደረሱ። እኔን አይተው፣ ልጁን አይተው፣ ልጅሽን ጠበቅ አድርጊ እንጂ፣ ይህ እንደ ሀገራችን አይደለም ብለው መከሩኝ። የልጄን እጅ ጋሪው ላይ መልሼ መንገዴን ቀጠልኩ። ዕድሜያቸው አሰረኝ። ማታውኑ ለእናንተ ደወሉ፣ የደወሉላችሁ ወሬ ውስጥ ደግሞ ኮፍያ የሚባል ነገር የለም። እስከ አሁን አንቱ የምላቸው ለአባባ ስል ነው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት የልጆቹን አባት በር ላይ ያዝኩት። ሥራ ቢረፍድብኝም አልለቀቅኩትም። ተስማምተሃል ወይ ስለው አልተስማማሁም፣ እንግዲህ እንመካከርበታለን ነው ያልኩት አለኝ። ለአንቺ «እንመካከርበታለን» ማለት እሺ ማለት እንደሆነ እኔ ስንት ዓመት ነው የማውቀው። በአንድ «እንመካከርበታለን» ልጄን አሳልፈህ ሰጠኸው አልኩት። በል ሂድና አይሄድም ብለህ ለሽማግሌው ንገራቸው ብዬ በእረፍት ቀኑ ላክሁት። ሄደ። ሻይ ጋበዙት፣ ስለ ወገብ ሕመም መከሩት፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን አስይዘው መለሱት። ነገርካቸው ወይ አልኩት። ሳይመቸኝ ቀረ አለኝ። ብርቱካኑን ልጆቹ በሉት፣ እኔ አልቀመስኩም።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ሁለቱንም አለባብሼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ አውቶቡስ ጠብቄ። ይህም አንዱ ጉዳይ ነው ብዬ። የእኛ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የሚስተካከለው አንድ ሰው ቢሆን ነው፣ የቀረው ለወሬ ነው፤ አባ ምክርም አይቀሩም። ጋሪው በበሩ አልገባ ስላለ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ በሩን ከፍቶ ያዘው፣ ብርዱም ተከትሎኝ ገባ። ዝጊው አሉኝ። ተናግሬ ስጨርስ እዘጋዋለሁ አልኩ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጋሼ ልጄ ከእርስዎ ጋር አይሄድም፣ ልጄን የጣልኩት እኔ ሳልሆን ኪስዎ ውስጥ ላለ ኮፍያ የላኩት እርስዎ ነዎት፣ ለአባቴ ሲደውሉ ይህን ለምን ደበቁ አልኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። የሚስተካከለው ሰውዬ ግማሽ ፀጉሩን ተላጭቶ ዞር ብሎ ያየኛል።

አባ ምክር አልደነገጡም። ልጅ መላክ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው፣ እኛስ ያልላከን ማን ነበር አሉ። ራሱን እየነቀነቀ እውነት ነው ያላቸውም ነበር። ይህ ልብ ሰጣቸው መሰለኝ፣ እኔን ትተው ወደ አለቃ ዞሩና፣ በል ና የኔ አንበሳ፣ ያንን ብርጭቆ ውሃ አቀብለኝ አሉት። ለእኔ ሊያሳዩኝ ነው። አለቃ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ እጁን ጋሪው ላይ አደረገና፣ እማዬ ካላለችኝ አልሄድም አላቸው። «የዛሬ ልጅ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ መለሱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ጋሪዬን ወደ ኋላ ስቤ በሩን ዘጋሁላቸው።

እታለም፣ አንቺ እዚያ ብትኖሪ ባለጌ ትይው ነበር። ድሮ ቢሆን እኔም በኩርኩም ነበር የምለው። ያን ቀን ግን ኮራሁበት፣ ወዲያውም ሆዴ ባባ። መላክ እንዲያ ደስ ይለው የነበረ ልጅ አሁን እኔ ራሴ ፎጣ አምጣልኝ ስለው አብረን እንሂድ ይለኛል፣ ከወጥ ቤት መታጠቢያ ቤት። አንቺ ደግሞ ይህንኑ ልጅ፣ ከእኒሁ ሰውዬ ጋር፣ በአውሮፕላን ላኪልኝ ትይኛለሽ።

እስከ ትናንት ድረስ ንዴቴ በሽማግሌው ላይ ነበር። ትናንት ማሙሽ ደወለ። ወዲያ ወዲህ ስናወራ፣ አናጺው የአለቃን አልጋ በነሐሴ ዝናብ ስላመጣው ቀለሙ አልደርቅ ብሎ እንዳስቸገረሽ እየሳቀ ነገረኝ። የምን አልጋ ብዬ ስጮህበት ነው ነገሩ ከአፉ ማምለጡን ያወቀው። ልጄ የጠፋው በጥቅምት ነው፣ እታለም። ማንም ሳይደውልልሽ፣ ማንም እኔን ሳያማልሽ፣ አንቺ በነሐሴ የልጄን አልጋ አሠርተሻል። እንግዲያው አልቻልሽም ያልሽኝ ኋላ የተገኘ ሰበብ ነው። ከአባ ምክርም፣ ከጸሐፊዋም፣ ከሁሉም ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። እኔን አሳንሰሽ፣ በባሌ በኩል ዞረሽ፣ ሽማግሌ አስይዘሽ ልትወስጂው ነበር።

ለምን ልጅ ናፈቀኝ አላልሽኝም? ይህን ቃል ማውጣት እንዴት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እናታችን ስትሞት እኔንና ማሙሽን ስታሳድጊ የመውለጃ ጊዜሽ እንዳለፈብሽ አውቃለሁ፣ ቤታችን ውስጥ ማንም አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። ባለቤትሽ ሲመሽ ሬዲዮውን ጮክ አድርጎ የሚከፍተው ዜና ወዶ እንዳልሆነም አውቃለሁ። እውነቱን ብትጽፊልኝ አብሬሽ አለቅስ ነበር። መልሴ ግን ያው ነበር። ልጄን አልሰጥም፤ ለአንቺም ቢሆን። እናታችን እንደተቀበረች አክስታችን እኔን ልትወስድ ስትመጣ በር ላይ ቆመሽ እምቢ ያልሽ አንቺ ነሽ፣ አልረሳሁትም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። የኮፍያውንም ነገር ሳትቀንሺ ንገሪያቸው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ በዚህ ነገር እሱ እንዳልገባበት ይገባኛል። ማሙሽን ለምን ተናገርክ ብለሽ እንዳትቆጪው፣ የቀረኝ እውነተኛ ሰው እሱ ነው። ጎረቤታችንን እማማን እንደምን ነዎት ብላለች በያቸው። አባ ምክር በጥር ሲገቡ ቤት ያፈራውን አቅርቡላቸው፣ የእንግዳ ክብራቸው ነው፤ ከእኔ የተላከ ሰላምታ ግን የላቸውም። የልጆቹ አባት ሰላም ብሎሻል፣ አሁን አጠገቤ ቆሞ ይህን መጻፌን ያያል፣ እንመካከርበት አላለም። ሚጣ የወረቀቱን ጥግ ነክሳዋለች፣ ሰላምታዋ ነው።

አልጋውን አታፍርሺው፣ ለሰውም አትስጪው። ለክረምት ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ፣ ስመለስም ሁለቱንም ይዤ ነው። እስክንመለስ ድረስ አለቃ ይተኛበታል፣ አንቺም እስኪበቃሽ ታስተኚዋለሽ። እኔ መሬት ላይ አነጥፌ ከሥሩ እተኛለሁ።

ተናዳም የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፰ ቀን